የእትዬ ሽታዬ ሃያ ደቂቃ

ሆላንድ፣ ሰኔ 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለውድ ወንድሜ ለቢተው፣

ይህ ወረቀት ከእጅህ ሲገባ አንተንም፣ እትዬ ሽታዬንም፣ ቤቱንም ከብቱንም በደህና ያግኛችሁ። እኔ ከእናንተ ናፍቆት በቀር፣ ፈጣሪ የተመሰገነ ይሁን፣ ደህና ነኝ።

ስልክ ብሞክር ብሞክር አልገባልኝም፤ እናንተ ጋ ኔትወርክ ከጠፋ ዓመት ሊሞላው ነው አሉኝ። ስለዚህ ወደ ወረቀት ተመለስኩ። የአጎታችን ልጅ ይታያል በስልክ የምልክለትን አዲስ አበባ ላይ አሳትሞ በሚነዳው አውቶቡስ ያመጣልሃል። ያንተን መልስ ደግሞ ደጀንን አልፎ ኔትወርክ ሲያገኝ ፎቶ አንሥቶ ይልክልኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በመጪው ኅዳር አዲስ አበባ ላይ ስለ ደጋ እህል ዘሮች ዓለም አቀፍ ጉባኤ እናዘጋጃለን። ባለፈው ጉባኤ ሠላሳ አንድ ተናጋሪ ቀርቦ ሃያ ዘጠኙ ወንድ ነበር፤ አንድም ገበሬ አልነበረበትም። ብዙ ወቀሳ ደረሰብን። ዘንድሮ የአካታችነት ኮሚቴ ተቋቁሞ ሰብሳቢዋ እኔ ሆኛለሁ። ሴቶች፣ አርሶ አደሮች፣ አካል ጉዳተኞች፣ በዕድሜ የገፉ ሰዎች መድረክ ላይ ወጥተው በራሳቸው አንደበት እንዲናገሩ ነው የምንፈልገው።

እኔ ከሁሉ በፊት የጻፍኩት ስም የእናትህን፣ የአክስቴን የእትዬ ሽታዬን ነው። ሃያ ደቂቃ ሙሉ ይሰጣቸዋል። መጓጓዣውንና ማረፊያውን ጉባኤው ይችላል። ይዘሃቸው የምትመጣው አንተ ነህ።

ይህችን ለእርሳቸው አንብብላቸው፦ እትዬ፣ በ2009 ዓ.ም. ከቤትዎ ሁለት ወር ተቀምጬ የተማርኩትን ዛሬ እዚህ ለፈረንጆቹ አስተምራለሁ። አሁን ራስዎ መጥተው ይናገሩልኝ። የእርስዎን እጅ ያየ ሰው ዘር ምን እንደሆነ ያውቃል።

ከዚህ ጋር አንድ ቅጽ አለ። አንተ ሙላላቸው። እባክህ በቁም ነገር ሙላ።

እኅትህ ሕሊና


ቁይ፣ ሐምሌ 4 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለታላቋ እኅቴ፣ ለእታለም ሕሊና፣ ለዶክተሯ፣ ለሰብሳቢዋ፣ ሌላም ማዕረግ ካለ ክፍት ቦታ ትቼልሻለሁ፣

እንደምን ሰንብተሻል? ለአንቺም ለሆላንድም ጤና ይስጥልኝ። እኛ ደህና ነን። ከብቱ በደህና ይቆይ ላልሽው፣ አንደኛዋ ላም በግንቦት ሞታለች። የቀረችው ደህና ናት፤ ስምሽን ሳነሣላት ጆሮዋን አወዛውዛለች።

ደብዳቤሽን ለእማ ሁለት ጊዜ አነበብኩላት። የእርስዎን እጅ ያየ ሰው የሚለው ጋ ስደርስ እጇን ገልበጥ አድርጋ አየችው። ጭቃ ነበረበት። ምን አይታበት ነው አለችኝ። ፈረንጅ አገር ጭቃ ውድ ነው አልኳት።

ቅጹን እንዳልሽው በቁም ነገር ሞልቻለሁ። ፆታ ሴት። ሥራ ግብርና። ዕድሜ ከስድሳ በላይ፣ አዎ። ማንበብና መጻፍ፣ አትችልም። የአካል ጉዳት፣ በሬ ረግጧት በግራ እግሯ ታነክሳለች። አምስቱም ሳጥን ላይ የራይት ምልክት አደረግኩ። እታለም፣ አምስት ሰው ልትጠሩ ነበር፣ በአንዲት እናቴ ጨረሳችሁት፤ የአራት ሰው ቲኬት ተረፋችሁ። በሬው ባይረግጣት አንድ ሳጥን ባዶ ይቀር ነበርና ለበሬው የምስጋና ወረቀት ላኩለት።

ያሳተሟቸው ሥራዎች የሚለው ላይ ትንሽ ተቸገርኩ። ሰባት ልጆች፣ አራቱ በሕይወት ያሉ፣ የመጨረሻው እትም የተበላሸ ብዬ ጻፍኩ። የመጨረሻው እኔ ነኝ። ደብረ ወርቅ የኔታ ጺም ላይ ተሳልቀሃል ብለው ከአብነት ትምህርት ቤቱ አባረሩኝ፤ አሥረኛ ክፍል ደግሞ ማንም ሳያባርረኝ ራሴ ወጣሁ። ስለዚህ እርማት አይገባኝም።

አሁን የእማን ልጻፍ። ይህን ብቻ ጻፍ ብላኝ ነበር፤ ሌላውን ሁሉ የጨመርኩት እኔ ነኝ።

በ2009 አሥራ አንድ ዓይነት ገብስ በፖስታ እያደረግሽ ስትሄጂ ደራሹም ነበረበት። መቼም አትረሺውም፤ ነሐሴ ሲያልቅ፣ የሰው ጎተራ ሁሉ ሲጠረግ፣ ከሌላው እህል ወር ተኩል ቀድሞ የሚደርሰው። የዛሬ ሦስት ዓመት በረዶ መታው። በማግስቱ ዓመት መዝራት አልተቻለም፤ ለዘር የተቀመጠውን በላነው። ከማን እንውሰድ ስንል ለካ አገሩ ሁሉ የሚወስደው ከእሷ ነበር። አሁን ከእኛ ደብር እስከ ደብረ ወርቅ አንድ እፍኝ ደራሽ የለም። በነሐሴ ጎመን እንበላለን፤ ከዚያ ጎመኑም ያልቃል።

እማ ግን አትፈራም። ሕሊና ጋ አለ፣ ጣቴን ያተምኩበት ወረቀት ከእኔ ዘንድ ነው ትላለች። አንድ እፍኝ ይበቃታል። አንድ እፍኝ በሦስት ዓመት ደብሩን ያዳርሳል ነው የምትለው። ሃያ ደቂቃዋን ስለሱ ልትናገርበት ነው። ላሟ ፊት ቆማ መለማመድ ጀምራለች።

ወንድምሽ ቢተው፣ የተበላሸው እትም


ሆላንድ፣ ነሐሴ 22 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለቢተው፣

ክረምቱ በደህና ወጥቶ አዲሱን ዘመን የጤናና የጥጋብ ያድርግላችሁ። ለእትዬ ሽታዬ ከእግራቸው ዝቅ ብዬ ሰላም ብያለሁ በልልኝ።

የላክኸውን ቅጽ አስተካክዬዋለሁ። የኮሚቴው አባላት ቀልድ ላይገባቸው ስለሚችል ያሳተሟቸው ሥራዎች የሚለውን ባዶ አድርጌዋለሁ። እትዬ በመመረጣቸው ሁሉም ደስ ብሏቸዋል። አንድ ሰው ይህን ሁሉ መስፈርት ሲያሟላ ከስንት አንዴ ነው ብለውኛል።

ከተለያዩ አገሮች ብዙ ጥናት ስለቀረበ ፕሮግራሙ ተጣብቧል። የእትዬ ንግግር አሥር ደቂቃ ሆኗል። አሥር ደቂቃም በጉባኤ ትንሽ አይደለም።

አሁን በጣም የምንፈልገው ፎቶ ነው። የአገር ልብስ ለብሰው፣ እህል በእጃቸው ይዘው፣ ፈገግ ብለው ቢሆን ጥሩ ነው። ከተቻለ እግራቸውና ምርኩዛቸውም ቢታይ።

ሌላ ሌላውን ስንገናኝ እንጨዋወታለን።

እኅትህ ሕሊና


ቁይ፣ መስከረም 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእታለም ሕሊና፣

እንኳን ከዘመን ዘመን አሸጋገረሽ። እኛንም አሸጋግሮናል፤ ነሐሴን እንዴት እንዳሸጋገረን ግን አትጠይቂ፤ ደግሞም አልጠየቅሽም።

ደብዳቤሽን አንብቤ ስጨርስ ገልብጬ በጀርባው ፈለግኩ። ከዚያ ይታያልን ሌላ ገጽ ጥለሃል ወይ ብዬ ያዝኩት፤ ማለልኝ። ዘር የሚል ቃል አንድም ቦታ የለም። እማ ምን አለች ስትለኝ ስንገናኝ እንጨዋወታለን ብላለች አልኳት። በቃ ይዛው ልትመጣ ነው ማለት ነው ብላ ደስ አላት። እኔ ምንም አልጨመርኩበትም፤ ራሷ ናት የጨመረችው።

ፎቶው ይኸውልሽ። የአገር ልብስ ያልሽው የጥምቀት ቀሚሷ ነው፤ ለበሰችው። እህል በእጇ ያልሽው አስቸገረን። ከጎረቤት ከወለተ ኢየሱስ ቤት በሳህን ስንዴ ለምኜ አመጣሁ። እጇ ላይ ያለው ስንዴ ነውና ገብስ ብላችሁ እንዳትጽፉበት፤ ዘር አዋቂዎች ሁሉ ተሰብስበው ይታዘቡሻል። ስንዴውን ፎቶው ሲያልቅ መልሻለሁ። ፈገግ በይ ብላት ምን ተገኘ አለችኝ። አሥራ አራት ጊዜ አነሣኋት። በአሥራ አራተኛው እኔ ድንጋይ አደናቅፎኝ ስወድቅ ሳቀች፤ የላክሁልሽ እሱን ነው። ምርኩዟንም አስጠግቼዋለሁ። የረገጣት በሬ እንዲገባ ብፈልግም እምቢ አለ።

አሥር ደቂቃ መባሉን ነገርኳት። ለላሟ የምትናገረው ከነሰላምታው ስምንት ደቂቃ ነው፤ ለክቼላታለሁ። ስለዚህ ሁለት ደቂቃ ትመልስላችኋለች።

አንድ ነገር። ጉባኤያችሁ ኅዳር አሥራ ስምንት፣ የነቢያት ጾም ገብቶ ነው። እማ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አትቀምስም። ቅጹ ላይ ምግብ የሚል ሳጥን ስላለ የጾም፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ብዬ ጽፌ ልኬልሻለሁ። እሱን ግን እንዳታስተካክዪው።

ቢተው


ሆላንድ፣ ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለቢተው፣

ጤና ይስጥልኝ። መንገዳችሁን መላእክት ይምሩላችሁ።

እኔ መምጣት አልቻልኩም። የሥራ ውሌ የሚታደስበት ጊዜ ስለሆነ ከዚህ መንቀሳቀስ የለብሽም ተብያለሁ። መክፈቻውን በስክሪን እናገራለሁ፤ ታዩኛላችሁ።

እትዬ ከሌሎች አራት ሰዎች ጋር በጋራ ውይይት ላይ ይቀመጣሉ። ርእሱ ያልተሰሙ ድምፆች ይባላል። አምስት ደቂቃ አላቸው። አስተርጓሚ ስላላገኘን አንተ ተርጉምላቸው። እባክህ ከራስህ አትጨምር።

የዘሩን ነገር መድረክ ላይ ባያነሡት ይሻላል። እሱ የእኔ ጉዳይ ነው፤ እኔ እጨርሰዋለሁ። ይህን ቀስ ብለህ አስረዳቸው።

ሕሊና


ቁይ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእታለም ሕሊና፣

በግድግዳ ላይ አየንሽ። እኔ ወፍራለች አልኩ፤ እማ ከስታለች፣ እዚያ አይበላም እንዴ አለች። ግድግዳው ሰፊ ስለሆነ ነው አልኩና ተስማማን። የመክፈቻ ንግግርሽን ጨርሰሽ ጠፋሽ። ያላየሽውን ልንገርሽ። በወረቀት ስለሆነ ልታቋርጪኝ አትችዪም።

ደጀን ላይ መንገዱ ተዘግቶ ሁለት ቀን አውቶቡስ ውስጥ ከረምን። ዓባይን የተሻገርነው በሦስተኛው ቀን ነው፤ ይታያል ኋላ ወንበሩን ለእማ አልጋ አደረገላት። እግሯ አብጦ ደረሰች።

ሆቴሉ በር ላይ የጋሪ ወንበር መወጣጫ አሠርታችኋል፤ አዲስ ነው፣ ቀለሙ ይሸታል። እማ ወደደችው፤ ሁለት ጊዜ ወጣችበት። ስብሰባው ግን ሦስተኛ ፎቅ ነበር፤ ሊፍቱ ደግሞ ተበላሽቷል። በደረጃው አዘልኳት። አዳራሹ ውስጥ አንዲት ልጅ ቆማ በእጇ የምልክት ቋንቋ ትተረጉማለች። መስማት የተሳነው ሰው ግን አልመጣም፤ ዞሬ ጠይቄአለሁ። ንግግሩ ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው፤ ወደ አማርኛ የሚመልስ አንድ ሰው የለም። እናቴ የገባት የልጅቷ እጅ ብቻ ነው። ይቺ ልጅ አዘራር ታውቃለች አለች።

አንገቷ ላይ ያንጠለጠሉላት ካርድ የማኅበረሰብ ተወካይ ይላል። ስሟ የለበትም። ስሟስ ብዬ ብጠይቅ ካርዱ የታተመው ማን እንደሚመጣ ሳይታወቅ ነው አሉኝ።

ምሳ ላይ ሥጋ ለማይበላ ጠረጴዛ አለ፤ ስንዴ ለማይስማማው ሌላ አለ፤ ለውዝ ለማይስማማው ሌላ አለ። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ለሚበላ ሰው ግን ጠረጴዛ የለም። በስምንት ሰዓት ሁሉንም አነሡት። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እማ ውኃ ጠጣች። እኔ ቀደም ብዬ ከየጠረጴዛው ስለበላሁ እኔን አካታችኋል።

ቀኑን ሙሉ በጆሮዋ ስተረጉምላት ዋልኩ። የአሥረኛ ክፍል እንግሊዝኛ የት ድረስ እንደሚሄድ አንቺ ታውቂያለሽ፤ የቀረውን ከራሴ ሞላሁት። አንድ ባለ ክራባት ወደ ላይ የሚወጣ መስመር ሲያሳይ ይህ የሚስቱ ቁጣ ነው፣ ከተጋቡ ጀምሮ እንዴት እንደጨመረ ነው የሚያስረዳው አልኳት። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ደስ ብሏት ነበር የዋለችው። ይህን እንድታውቂ ነው የምነግርሽ።

ተራችን ሲደርስ አምስቱ ደቂቃ ሦስት ሆኗል። ከፊቷ የነበሩት ፕሮፌሰር ድምፅ ላልተሰማ ሰው ጊዜ መስጠት እንደሚገባ ሲናገሩ ረዝመው ነው።

የዘሩን ነገር እንዳታነሣ ብለሽ ነበር። ነግሬያታለሁ። እሺ ብላኝም ነበር። ማይኩ አፏ ጋ ሲቀርብ ግን እሺታው ጠፋ። ያለችውን ቃል በቃል ልጻፍልሽ።

«ሽታዬ እባላለሁ። በነሐሴ የሚደርስ ገብስ ነበረኝ። የእኛ አልቋል፣ እናንተ ዘንድ አለ። አንድ እፍኝ ብትመልሱልኝ አገር ይበላል። ወረቀቱም ይኸውና።»

ከጉያዋ በጨርቅ የተጠቀለለ ወረቀት አወጣች። ከመሬት ደብተሯ ጋር አብራ ስምንት ዓመት ያኖረችው ነው፤ እኔ እንኳን ተፈትቶ አይቼው አላውቅም።

እታለም፣ እናቴ በዕድሜዋ ጣቷን ያተመችው ሁለት ጊዜ ነው። መጀመሪያ ለመሬት ደብተሩ ነው፤ አተመች፣ መሬቱ ጸናላት። ሁለተኛው ያንቺ ወረቀት ነው። ስለዚህ ጣት ሲታተም የሰው ነገር ለሰውየው እንደሚጸና ነው የምታውቀው። ዘር የወሰደ ሰው ደግሞ በወሰደበት መስፈሪያ እንደሚመልስ አንቺም ታውቂያለሽ፤ የክረምት ዕረፍትሽን ሁሉ ከእኛ ቤት ነው ያሳለፍሽው።

አወያይዋ ወረቀቱን ተቀብላ አየችና ምን እንደሚል አንብብላቸው ብላ ለእኔ ሰጠችኝ። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ነው። ቀስ ብዬ፣ አንድም ሳልጨምር፣ ለአዳራሹ አነበብኩት። ናሙናውን በፈቃዷ ሰጥታለች ይላል። ወደፊት ምንም አትጠይቅም ይላል። ስሟ አይጻፍም፣ ተሳታፊ ቁጥር ሰባት ተብላ ትጠራለች ይላል። ከሥሩ የእናቴ ጣት አለ።

እማ ክንዴን ያዘችኝ።

«ምን ይላል?» አለችኝ።

«ይመለሳል ይላል።»

«መቼ?»

«ከሰኔ በፊት።»

ያን ቀን አርባ ውሸት ዋሽቻታለሁ፤ ሠላሳ ዘጠኙ ለሳቅ ነው። አማርኛ የሚሰሙት ሁሉ ምን እንዳልኳት ሰምተዋል። አንድም ሰው አላረመኝም። ከዚያ ተነሥተው አጨበጨቡላት። እማ ዘሩ በመመለሱ የተጨበጨበ መስሏት እጅ ነሣች። አንዱ ፈረንጅ ዕንባውን ጠረገ። ፎቶ አነሡንና ወደ ሻያቸው ሄዱ።

አሁን ከቤቱ ጀርባ ያለውን ማሳ ለደራሹ ብላ ማሳረስ ጀምራለች። አንቺ እኔ እጨርሰዋለሁ ብለሻል። ከሰኔ በፊት አንድ እፍኝ ላኪና ውሸቴን እውነት አድርጊልኝ። ሌላ ነገር ጠይቄሽ አላውቅም።

ቢተው


ሆላንድ፣ መጋቢት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ወንድሜ ለቢተው፣

በዚህ በዐቢይ ጾም እግዚአብሔር ጸሎታችሁን ይስማ። መልሴ በመዘግየቱ ይቅርታ አድርግልኝ። ብዙ ጊዜ ጀምሬ ተውኩት።

ጉባኤው በጣም ተወድሷል። ሪፖርቱ ሽፋን ላይ የእትዬ ፎቶ ወጥቷል፤ ያ የሳቁበት።

ዘሩ ማቀዝቀዣ መጋዘን ውስጥ በደህና አለ። መስጠት የሚቻለው ግን ለተመዘገበ ተቋም ነው፤ ተቋሙ በመንግሥት በኩል ይጠይቃል፣ ሁለት ዓመት ያህል ይወስዳል። ለአንድ ገበሬ የሚሰጥበት ቅጽ የለም። እኔ በእጄ አንድ ፍሬ ባወጣ ስርቆት ነው። የሚቻል ቢሆን እንደማላደርገው አታስብ።

ሌላ ነገር ተፈጥሯል። ከጉባኤው ተሳታፊዎች አንዱ ያነበብከውን ሰምቶ፣ ሴትዮዋ የፈረመችውን አታውቀውም ብሎ በእኔ ላይ አቤቱታ አስገብቷል። ጥናቴ ሁሉ እየተመረመረ ነው። ከዚህ ጋር አዲስ ወረቀት ልኬያለሁ፤ አሁን በአማርኛ ነው። በ2009 ዘሩን የሰጡት አውቀውና ወድደው እንደሆነ ይገልጻል። የእትዬ ጣት ያስፈልገዋል። እስከ ሰኔ መጨረሻ ካልደረሰ ውሌ አይታደስም። ያለ ሥራ ደግሞ እዚህ መኖሪያ ፈቃድ የለም።

አንተ ከነገርካቸው እሺ ይላሉ። እንዴት እንደምትነግራቸው ለአንተ ትቼዋለሁ።

እኅትህ ሕሊና


ቁይ፣ ሰኔ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሕሊና፣

ወረቀቱ ከፋሲካ በኋላ ደረሰኝ። እንዴት እንደምትነግራቸው ለአንተ ትቼዋለሁ ያልሽው ገብቶኛል። የዘሩ መረከቢያ ነው ብላት ቀለሙን ሳላቀርብ ጣቷን ትዘረጋ ነበር። ከዋሸህ አይቀር አንዴ ጨምርልኝ ማለትሽ ነው። ይህን ግን በራስሽ ብዕር አልጻፍሽውም፤ ተምረሻል።

ገብሱ ከእኛ ቤት ሲወጣ ናሙና ነበር፤ ወደ እኛ ቤት ሲመለስ ስርቆት ሆነ። ይህን ለመተርጎም እንግሊዝኛዬ አይደርስም።

ከቀበሌ ጸሐፊዋ ከያለምወርቅ የጣት ቀለም ተዋስኩና አንድ ወር ሙሉ በኪሴ ይዤ ዞርኩ። እማ ማሳውን አራት ጊዜ አሳርሳ ጓሉን በእጇ ሰብራለች፤ እግሯን ዘርግታ፣ እየተንፏቀቀች። ይታያል በመጣ ቁጥር መንገድ ዳር ወጥታ ትቆማለች። ምን መጣ ትለዋለች፤ ሰው ብቻ ነው እትዬ ይላታል። ወለተ ኢየሱስ ለከርሞ አንድ እፍኝ ለእኔ ብላ ከወዲሁ ለምናታለች። የኔአለምም፣ የገብረ ሚካኤል ሚስትም እንደዚሁ። ከሰኔ በፊት ያልኩት እኔ ነኝ። ሰኔ ገባ። ዘነበ። ሰው ሁሉ ዘር ያዘ።

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ አስቀመጥኳትና ሁለቱንም ወረቀት አነበብኩላት። የድሮውን እንዳለ፣ አዲሱንም እንዳለ። አዳራሹ ውስጥ የነገርኳት ውሸት መሆኑንም ነገርኳት። በምርኩዟ ትለኛለች ብዬ ትንሽ ራቅ ብዬ ነበር የተቀመጥኩት።

አልመታችኝም። አንድ ነገር ጠየቀችኝ።

«ያን ዕለት ሰዎቹ ታዲያ ለምን አጨበጨቡ?»

አላውቅም አልኳት።

ከዚያ ጣቴን ባላትም ሕሊና ምን ትሆናለች አለችኝ። ሥራዋን ታጣለች፣ ከአገሩም ትወጣለች አልኳት። ወንድሟን፣ የአንቺን አባት፣ በስሙ ጠራች። በኋላ ቀለሙን አምጣ አለች። እማ አታትሚ፣ እንዲህ ብለው ደግመው ይወስዱብሻል ብዬ ወረቀቱን ወደ ኋላዬ ደበቅኩት። ጣቱ የማን ነው አለችኝ። ሰጠኋት። ራሷ ቀለሙ ውስጥ ነክራ፣ ራሷ ቦታውን ጠይቃኝ፣ ረግጣ አተመችው።

ጣቷን በአመድ አሽታ ከታጠበች በኋላ ይህን ጻፍልኝ አለች። እንዳለችው ነው፤ አንድም ቃል የእኔ አይደለም።

«ለሕሊና እንዲህ በላት። ዘሩን ሰጥቼሻለሁ፤ ያኔ ሳላውቅ ነው፣ አሁን አውቄ ነው። ዝምድናውንም ከዘሩ ጋር ሰጥቼሻለሁ፤ እዚያው ከምታኖሩበት ብርድ ቤት አኑሪው። ከእንግዲህ የምትመልሺልኝ ነገር የለም።»

ማሳውን በነጋታው ለወለተ ኢየሱስ ምርቱን እኩል ሊካፈሉ ሰጠችው። ድንች ተክላበታለች።

ወረቀቱን ይታያል ይዞልሽ ወርዷል። ጣቷ በደንብ ወጥቷል፤ መርማሪዎቹ አይቸገሩም። ከርሞ ጉባኤ ብታዘጋጁ እኔንም አትጥሩኝ። መተርጎም ትቻለሁ።

ቢተው